ስድብ ያወዳጃቸው እንግዶች፤ በወለጋ ሠርግ ሁለት ወገኖች ስለሚተዋወቁበት ጨዋታ የቀረበ አጭር የታሪክ ጥናት

መግቢያ

ሠርግ ወንድና ሴትን ከማጋባቱ ሌላ አንድ የሚያስቸግር ሥራ አለበት። ይኸውም ከዚያ ቀን በፊት ተያይተው የማያውቁ ሁለት ወገኖችን በአንድ ዳስ ሥር አስቀምጦ ማዋል ነው። እንግዶቹ በልተው ጠጥተው ዝም እንደ ተባባሉ ቢለያዩ ዝምድናው ከባልና ከሚስቱ አያልፍም። መጠጡ ሞቅ አድርጓቸው በእውነት ቢጣሉ ደግሞ ባይጋቡ ይሻል ነበር ያሰኛል። ስለዚህ በየአገሩ ሰው ከዝምታና ከጠብ መካከል የሚያስኬድ አንድ መንገድ ለሠርጉ ቀን አበጅቶለታል። የወለጋ ሰዎች ያበጁት መንገድ ግን ለሩቅ ተመልካች እንግዳ ነው፤ የሙሽራውን ወገን የሚቀበሉት አስቀድመው በግጥም እየሰደቡ ነውና።

በኦሮምኛ ይህ የስድብ ዘፈን አረብሶ ይባላል። ይህ ጽሑፍ ስለ አረብሶ ሁለት ነገር ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። አንደኛው፥ ስድቡ የባለጌነት ምልክት ሳይሆን ባዕድን ዘመድ ለማድረግ የተሠራ ሥርዓት መሆኑን ነው። ሁለተኛው፥ ስለዚህ ጨዋታ የሚረዱን የጥንት ጽሑፎች የግጥሙን ቃል እንጂ የተሰጠውን መልስ አለመያዛቸው፥ ስለዚህም በእነርሱ ብቻ ብንመራ ነገሩን በግማሹ ብቻ የምናውቀው መሆኑን ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ባዕድነቱ ከየት እንደሚመጣ

ጨዋታው ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት በመጀመሪያ የጋብቻውን ደንብ መመልከት ይገባል። በኦሮሞ ባህል ሰው ከገዛ ጎሳው አያገባም። የትውልዱ ሐረግ እየተቆጠረ፥ ብዙ ጊዜም እስከ ሰባት ቤት ድረስ እየተፈለገ፥ ዝምድና የተገኘ እንደ ሆነ ነገሩ ይቀራል። እንግዲህ ሙሽራይቱ ዘወትር የሰው አገር ልጅ፥ አማቾቹም ዘወትር የሌላ ጎሳ ሰዎች ናቸው ማለት ነው። ባዕድነቱ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን ደንቡ ራሱ የሚያዘው ነገር ነው።

በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ባዕድነት ቀላል ነገር አልነበረም። ወለጋ በብዙ ባላባቶች የተከፋፈለ አገር ነበር። በነቀምቴ በኩል በከሬ ጎዳና፥ ከእርሳቸውም በኋላ ልጃቸው ሞሮዳ በከሬ ሌቃን ይገዙ ነበር፤ በምዕራብ በቄለም በኩል ደግሞ ጆቴ ቱሉ ኃይለኛ ሆነው ወጥተዋል። በ1882 በሆሮ ጉዱሩ በእምባቦ ላይ የሸዋና የጎጃም ሠራዊት ተዋግተው ንጉሥ ምኒልክ ድል እስካደረጉ ድረስ የአገሩ የበላይነት ገና ያልለየለት ነበር። በእንዲህ ያለ ዘመን ከሩቅ አገር በፈረስና በበቅሎ ተሰልፎ፥ እየፎከረና እየዘፈነ ወደ ሰው ደጅ የሚመጣ የወጣት ጭፍራ ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። ሠርገኛ መሆኑን ላላወቀ ሰው ዘማች ይመስላል።

እርግጥ ነው፥ ከዚያ ቀን በፊት ሽማግሌዎቹ ብዙ ሠርተዋል። ልጅቱን ለመጠየቅ ተመላልሰዋል፤ ገበራ የሚባለውን የጋብቻ ስጦታ ተነጋግረው ቆርጠዋል፤ መርቀዋል። ዳሩ ግን ይህ ሁሉ የተፈጸመው በጥቂት አረጋውያን መካከል ነው። የሠርጉ ዕለት የሚመጡት ወጣቶችና በዳሱ የሚጠብቋቸው ልጃገረዶች፥ እናቶችና ጎረቤቶች ገና አልተገናኙም። የሽማግሌ ቃል ለእነርሱ አልደረሰም። ለእነርሱ የቀረላቸው ዘፈኑ ነው።

2. ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ

ጨዋታው የሚጀምረው ከሠርጉ ቀን አስቀድሞ ነው። በሁለቱም ቤት የመንደሩ ወጣቶች ማታ ማታ እየተሰበሰቡ ድቤ እየመቱ ይዘፍናሉ። የዋዜማው ሌሊት ጃለ ቡልቲ ይባላል። በሙሽራይቱ ቤት የሚዘፈነው ግማሹ የመለያየት ኀዘን ነው፤ እኩዮቿ ስለ ልጅነታቸውና ስለምትተወው የእናቷ ቤት እያነሡ ያስለቅሷታል። ግማሹ ግን ለነገው ጦርነት ዝግጅት ነው። ስለሚመጡት ሰዎች የተሰማው ወሬ ሁሉ፥ ማን ረጅም እንደ ሆነ፥ ማን አንካሳ በቅሎ እንደሚጋልብ፥ በዚያ ሌሊት ወደ ግጥም ይለወጣል።

በማግሥቱ የሙሽራው አጃቢዎች፥ በኦሮምኛ ሀማሞታ የሚባሉት፥ ከደጅ ሲደርሱ ልጃገረዶቹ መንገዱን ይዘው ይጠብቃሉ። አቀባበሉም ስድብ ነው። መጤዎቹ አስቀያሚዎች፥ ሆዳሞች፥ ድሆች፥ ልብሳቸውን የተዋሱ፥ ለእንዲህ ያለች ልጅ የማይመጥኑ ሆነው ይገጠምባቸዋል። የመጡት ሰዎችም ዝም ማለት አይገባቸውም። በግጥም መልሰው ቤቱን፥ ድግሱንና ልጃገረዶቹን ይነካሉ። አንዱ ወገን ሲያወጣ ሌላው ሲቀበል፥ ጥሩ የመታ ግጥም ሲገኝ የተሰደበው ራሱ ሲስቅ፥ ጨዋታው ይደምቃል። በመጨረሻም ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፤ በቅቤ የራሰው ጩምቦና ፈርሶው ይቀርባል። ነገር ግን በዚያን ሰዓት የሚቀመጡት ሰዎች ከግማሽ ሰዓት በፊት ከደጅ የቆሙት ባዕዶች አይደሉም። እያንዳንዱ ልጅ ማን እንደ ሰደበው ያውቃል፤ እያንዳንዷም ልጃገረድ ማን እንደ መለሰላት ታውቃለች። ወሬ መጀመሪያ ያጣ ሰው የለም።

ይህ ነገር በወለጋ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በአማርኛ ተናጋሪዎቹም ሠርግ የሙሽራይቱ ወገን ሴቶች ሠርገኛውን አናስገባም እያሉ ደጁን ይይዛሉ፤ ሚዜዎቹንም በግጥም ይሸረድዷቸዋል። የስድብ ፈቃድ ያለበት ቀን ከሠርግ ውጭም አለ። በገና ጨዋታ ጌታው በሎሌው ነቀፌታ እንዳይቆጣ የሚያዘውን የቆየ ልማድ ሁላችንም እናውቃለን።

3. ማን ይሰደባል፥ ማን አይሰደብም

ጨዋታው ሥርዓት ያለው መሆኑ በይበልጥ የሚታወቀው ስድቡ በማን ላይ እንደሚወርድ ሲታይ ነው። ዋናው ዒላማ ሙሽራው አይደለም፤ በኦሮምኛ ሚንጄ የሚባለው ሚዜ ነው። የሙሽራው አባትና የሚከበሩት ሽማግሌዎች ደግሞ ከዚህ ፍላጻ ውጭ ናቸው።

ይህ አከፋፈል ምክንያት አለው። ያገባች ሴት ለባሏ አባትና ለባሏ ታላላቅ ዘመዶች የምትጠነቀቀው ጥንቃቄ በኦሮምኛ ላጉ ይባላል። ስማቸውን በአፏ አትጠራም፤ ስማቸውን የሚመስል ቃል እንኳ ሲያጋጥማት በሌላ ቃል ትለውጠዋለች። ሚዜው ግን ለእርስዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ወንድም ይቆጠራል። በባዕድ አገር ስትኖር ቢከፋት የምትነግረው፥ ከባሏ ጋር ብትጋጭ የሚያስታርቃት እርሱ ነው። እንግዲህ የእኅቶቿና የጓደኞቿ ምላስ በሚዜው ላይ የሚበረታው በከንቱ አይደለም። ሁለቱ ወገኖች የሚያያዙበት ማጠፊያ እርሱ ስለ ሆነ፥ አስቀድሞ ይፈተናል። ተሰድቦ የሳቀ ሰው የእኅታቸውን ምሥጢር ሊሸከም ይችላል፤ የተቆጣ ሰው ግን አይታመንም።

በሌላ አገር ያሉ የማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎችም ይህን የመሰለ ነገር አስተውለዋል። ፈረንሳዊው ማርሴል ሞስ በ1920ዎቹ ዓመታት ዘመዳሞች እንዲቀላለዱ ስለሚያስገድድ ልማድ ጽፏል። እንግሊዛዊው ራድክሊፍ ብራውን ደግሞ በ1940 ባወጣው ጽሑፍ፥ ጋብቻ ሁለት ወገኖችን በአንድ ጊዜ የሚያቀራርብና የሚያራርቅ ነገር ስለ ሆነ፥ ሰላም የሚጠበቀው በሁለት መንገድ ነው ብሏል። አንዱ መንገድ ፍጹም መከባበርና መራራቅ ሲሆን ሁለተኛው ማንም ሊቆጣበት የማይፈቀድለት ቀልድ ነው። ሊቁ ይህን የጻፈው ስለ ወለጋ አልነበረም። ይሁን እንጂ ላጉና አረብሶ በአንድ ሠርግ ውስጥ ጎን ለጎን መገኘታቸው ሐሳቡን በሚገባ ያስረዳል። አማት አይጠራም፤ ሚዜ ይሰደባል። ሁለቱም ጠብን መከልከያ ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ስድቡ የሚሠራው ሁሉም ሰው ውሸት መሆኑን ካወቀ ብቻ ነው። መልከ መልካሙን ዝንጀሮ ማለት ያስቃል። ስድቡ በእውነተኛ ቁስል ላይ ያረፈ እንደ ሆነ ግን ጨዋታነቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጥሩ ገጣሚ ማለት ምላሱ የሰላ ብቻ ሳይሆን የሰውን ቁስል የሚያውቅና የሚያልፍ ነው።

4. ያለ መልስ የተጻፉ ግጥሞች

አሁን ወደ ጽሑፍ ማስረጃው እንለፍ። የኦሮሞን ቃል ግጥሞች፥ ተረቶችና ምሳሌዎች ሰብስበው በጽሑፍ ካቆዩልን ሰዎች መካከል ቀደምትነት ካላቸው አንዷ ወይዘሮ አስቴር ጋኖ ናቸው። በልጅነታቸው የሊሙ እናርያ ንጉሥ ባሪያ አድርጎ ያዛቸው፤ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በመርከብ ሲወሰዱ የኢጣልያ መርከብ ደርሶ ነፃ አወጣቸው። ከዚያ በኋላ በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማሩ። እዚያም ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሲሠሩ አምስት መቶ ያህል እንቆቅልሽ፥ ተረት፥ ምሳሌና ዘፈን ከቃል ወደ ጽሑፍ አመጡ። ከዚህም ከፊሉ በ1894 በምኩሉ በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ወጣ። በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም ሲያዘጋጁ ኦነሲሞስን የረዱ እርሳቸው ናቸው። ሁለቱ በ1904 ወደ ወለጋ ገብተው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። ኦነሲሞስ በ1931፥ ወይዘሮ አስቴርም በ1964 ዐረፉ።

ሁለተኛው ትልቅ ስብስብ ኤንሪኮ ቼሩሊ የተባለው ኢጣልያዊ ሊቅ በ1922 በአሜሪካ በሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያሳተመው ነው። በዚያ መጽሐፍ የጦርነት፥ የፍቅርና የሠርግ ዘፈኖች ከትርጉማቸው ጋር ይገኛሉ። ቼሩሊ ይህን መጽሐፍ ሲያዘጋጅ ገና ኢትዮጵያን አላየም ነበር። ግጥሞቹን የነገረው ሎራንሲዮስ የተባለ በኢጣልያ የነበረ የወለጋ ሰው ነው።

እነዚህን ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይታያል። ሁለቱም የተሠሩት ከአገር ርቆ ነው፤ አንዱ በቀይ ባሕር ዳር፥ ሌላው ከባሕር ማዶ። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ሰው ትዝታ ነው። ይህ የሠሩትን ሰዎች ድካም አይቀንሰውም፤ እንዲያውም ከባርነት የወጣች ልጅ በስደት አገር የእናቶቿን ዘፈን አንድ በአንድ እያስታወሰች ስትጽፍ ማሰብ ልብን ይነካል። ለተረት ወይም ለምሳሌ አንድ ተናጋሪ ይበቃል። ለአረብሶ ግን አይበቃም። አረብሶ ሁለት ወገን የሚጫወተው ነገር ነውና፥ ከሁለት ሯጮች አንዱን ብቻ አይቶ ስለ እሽቅድምድም መናገር እንደማይቻል ሁሉ፥ መልሱ የሌለበት የስድብ ግጥም ስድብ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ማን አወጣው፥ ማን መለሰ፥ በየትኛው ስንኝ ላይ ሰዎቹ ሳቁ፥ በየትኛው ላይ ደጁ ተለቀቀ፥ ይህ ሁሉ በወረቀት ላይ የለም።

ስለዚህም በወረቀቱ ብቻ የፈረደ ሰው፥ የሰው ቤት እንግዳ የሚሰድቡ ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው ብሎ ቢደመድም አይገርምም። ያጠፋው ግን ግጥሙን ያለ መልሱ ማንበቡ ነው።

5. ከተማው ያመጣው ለውጥ

ነቀምቴ የሞሮዳና የልጃቸው የኩምሳ፥ በክርስትና ስማቸው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፥ መቀመጫ ከመሆን ተነሥታ የአስተዳደር፥ የንግድና የትምህርት ከተማ ሆነች። ጊምቢ፥ ነጆ፥ መንዲ፥ ደምቢ ዶሎና ሻምቡም እንደዚሁ እያደጉ መጡ። በከተማ የሚጋቡት ሰዎች አንዳንዴ ከሁለት ጎሳ ብቻ ሳይሆኑ ከሁለት ቋንቋም ናቸው። በዚህ ጊዜ የሆነው ነገር ጨዋታው ምን ያህል ጠንካራ እንደ ነበረ ያሳያል። የአማርኛው የደጅ ክልከላና የኦሮምኛው አረብሶ አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ በአንድ ዳስ ውስጥ ያለ ችግር ተስማሙ። በአንዱ ቋንቋ የተሰደበ በሌላው ይመልሳል፤ ትርጉሙ ያልገባው ከጎኑ ያለውን ይጠይቃል። ለመተዋወቅ ይህም ራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ለውጥ ከቤተ ክርስቲያን በኩል መጣ። በወለጋ የወንጌላውያን ምእመናን ቁጥር ከፍ ያለ ነው፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በ1959 በአገር አቀፍ ደረጃ ስትቋቋም የወለጋ ምእመናን ትልቅ ክፍሏ ነበሩ። በእነዚህ ምእመናን ሠርግ መጠጡና የስድቡ ዘፈን ቀርቶ መዝሙር ተተካ። መዝሙሩም ሰውን ያገናኛል፤ ነገር ግን የሚያገናኝበት መንገድ የተለየ ነው። መዝሙር ሁለቱን ወገኖች አንድ ዓይነት ያደርጋቸዋል፤ ሁሉም አንድ ቃል ያውቃሉና አብረው ይዘምራሉ። አረብሶ ግን ሁለት እንደ ሆኑ ትቶ ያወዳጃቸዋል። አንዱ ከሌላው ይሻላል ማለት የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አይደለም፤ ልዩነቱን መለየት ግን ይገባል።

ሦስተኛው ለውጥ የመሣሪያ ነው። የካሴት ማጫወቻና ድምፅ ማጉያ፥ በኋላም የቪዲዮ ካሜራ ወደ ዳሱ ሲገቡ ዘፈኑ አልጠፋም፤ እንዲያውም በረታ። የጠፋው መልሱ ነው። ከማጉያው የሚወጣ ዘፋኝ ቢሰድቡት አይሰማም፤ ማን እንደ ገባም አያይም። እንግዳው ተጫዋች መሆኑ ቀርቶ ተመልካች ሆነ።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ይህን ያስተዋለው በነቀምቴ አቅራቢያ ባለች አንዲት ከተማ በተደረገ የዘመዱ ሠርግ ላይ ነው። የሙሽራው ሰዎች ሲደርሱ ማጉያው ይጮኽ ስለ ነበር ልጃገረዶቹ አፋቸውን ከፍተው ተዉት። እንግዶቹም ገብተው በግራ በኩል ተቀመጡ፤ የሙሽራይቱ ወገን በቀኝ። ምግቡ ተበላ፤ ሁለቱ ወገኖች ግን በዓይን እንኳ አልተገናኙም። በበሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት፦

«ሳይሰደቡ ገቡ፤ እንዴት ዘመድ ይሆናሉ?» አሉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የኤሌክትሪክ መብራቱ ጠፋ፤ ማጉያውም ዝም አለ። አሮጊቷ ቁጭ እንዳሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንድ ግጥም በሚዜው ላይ ጣሉበት። ሚዜው የከተማ ልጅ ስለ ነበረ መልሱን አላወቀም፤ ላብ አሰመጠው። ከኋላው የተቀመጡ አጎቱ ግን ተነሥተው መለሱለት። ልጃገረዶቹ ተነሡ፤ መብራቱም እስኪመጣ ድረስ ግራና ቀኝ የሚባል ነገር አልቀረም። ሚዜው እስከ ማታ የአሮጊቷን ግጥም ከአጎቱ ሲማር ዋለ።

6. መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተዘረዘረው ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፥ አረብሶ ከጎሳ ውጭ በማግባት ደንብ የሚመጣውን ባዕድነት ለማስወገድ የተበጀ ጨዋታ ነው። ሁለተኛ፥ የሚሰደበውንና የማይሰደበውን ለይቶ የሚያውቅ ሕግ አለው። ሦስተኛ፥ ዋናው ቁም ነገር ያለው በስድቡ ላይ ሳይሆን በመልሱ ላይ ነው።

በዛሬው ጊዜ በትልልቅ ከተሞች አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ሠርግ አጫዋች ቀጥሮ እንግዶቹን በጥያቄና በሽልማት ለማቀራረብ ሲደክም ይታያል። ይህ የሚያሳየው ችግሩ ዛሬም ያለ መሆኑን ነው። አባቶችና እናቶች ለዚሁ ችግር ያገኙትን መፍትሔ ሳይመዘግቡ መተው ግን ኪሳራ ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኦሮምኛ የትምህርት ቤት ቋንቋ ሆኗል፤ ነቀምቴም ከ2007 ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። ድምፅ መቅጃውም በየኪሳችን አለ። ስለዚህ ወደ አገር ቤት ለሠርግ የሚሄድ ተማሪ ሁሉ አንድ ነገር ቢያስብ መልካም ነው። ግጥሙን ከአንድ አዋቂ ቤት ሄዶ ከመጠየቅ ይልቅ ሁለቱ ወገኖች በተገናኙበት ሰዓት ከደጁ ላይ ቆሞ ሁለቱንም ይቅዳ፤ ማን እንደ ሰደበ ብቻ ሳይሆን ማን እንደ መለሰና ማን እንደ ሳቀም ይጻፍ። ምናልባት ሲቀዳ እርሱም ይሰደብ ይሆናል። በዚያን ጊዜ መልስ ይዞ መገኘት የእርሱ ድርሻ ነው።